ወጥ ሳይነካው፦ በግቢ ስለ ቆሻሻ የያዝናቸው የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ተማሪ እያለሁ ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ጋር አንድ ቀን የላውንጁን የቆሻሻ በርሜል ላስቲክ ላይ ገልብጠን በጓንት ለየነው። እስካሁን ከዓይኔ ያልጠፋው አንድ ሃይላንድ ነው፤ ግማሹ ድረስ የሻይ ቅጠልና ሶፍት ተጠቅጥቆበት ተከድኗል። አጠገቡ ሽሮ የጠጣ ሃንድአውት አለ። ሁለቱም ጠዋት ላይ ገዥ የሚያገኙ ነበሩ፤ ከምሳ በኋላ ግን የሚነካቸው የለም። ከዚያ ወዲህ በግቢ ስለ ቆሻሻ የሚባለውን ሰምቼ ማለፍ አልሆነልኝም።

«ብለየውም አንድ መኪና ላይ ነው የሚጫነው»

እንዲህ የሚሉትን አልወቅስም። ባለ ሦስት ቀለም ቅርጫቶች ተለይተው ሞልተው አንድ ጋሪ ላይ ሲገለበጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እኛ አገር ልየታው የሚካሄደው ከመኪናው በፊት ነው። የጽዳት ሠራተኞች አሉ፣ ቆራሌው አለ፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡ የወጣቶች ማኅበራት አሉ። ካርቶኑ፣ ሃይላንዱና ቆርቆሮው በእነሱ እጅ አልፎ መርካቶ ያለው ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ምናለሽ ተራ ወይም ፋብሪካ ይደርሳል። ወጥ የነካው ካርቶን ግን ማንም አይገዛውም። ሦስት ቀለም ባይኖር እንኳ እርጥቡን ከደረቁ መለየት ብቻውን ብዙ ያተርፋል፤ የጽዳት ሠራተኛዋም እጇን የበሰበሰ ምግብ ውስጥ ከመክተት ትድናለች።

«ምግብ ይበሰብሳል፤ ችግሩ ፕላስቲክ ነው»

የተማሪ ካፌን በርሜል ለማንሳት የሞከረ ሰው ክብደቱ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። እንጀራ ከአፈርና ከደረቅ ቅጠል ጋር ተደባልቆ፣ አየር እያገኘ ሲበሰብስ ኮምፖስት (የተፈጥሮ ማዳበሪያ) ይሆናል። ክምር ሥር ታፍኖ ሲበሰብስ ግን ሚቴን ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ሙቀት በማፈን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ25 እጥፍ በላይ ይበልጣል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ያ ተራራ የቆመው ደረቅና እርጥቡ ሳይለይ ለአሥርት ዓመታት ከየቤቱና ከየተቋሙ በወጣ ቆሻሻ ነው።

ከኮምፖስትም በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ግማሽ እንጀራ የሚበቃው ተማሪ ሙሉ ሲቀርብለት ግማሹ በርሜል ይገባል፤ ስለዚህ ከመስኮቱ ላይ «ቀንሱልኝ» ማለት ነውር መሆኑ መቅረት አለበት። ያልተነካው እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፣ ትራፊው ለኮምፖስት ወይም ለባዮጋዝ ይውላል።

«ሦስት ቀስት ያለበት ሁሉ ሪሳይክል ይሆናል»

ምልክቱን በ1970 እ.ኤ.አ. የነደፈው ጋሪ አንደርሰን የሚባል የካሊፎርኒያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ያኔ የታሰበው ለወረቀት ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. የፕላስቲክ ኢንዱስትሪው በቀስቶቹ መካከል ቁጥር ጨመረበት፤ ቁጥሩ የሚነግረን የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። 1 የሃይላንድ ነው፣ ገዥ አለው። 6 ምሳ የሚቋጠርበትን ነጭ አረፋ መሰል ዕቃ ይጨምራል፤ እሱን ቆራሌው አያነሳውም።

«የወረቀት ኩባያ ምንም አይደል»

ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ ከተራ ወረቀት ጋር አይሄድም። ማኪያቶውን ላውንጁ ውስጥ ቁጭ ብለው በሚታጠብ ብርጭቆ ይጠጡት።

«ካቃጠልነው ተገላገልን»

አልተገላገልንም። ዶርም ጀርባ ፌስታልና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ይወጣል፤ ከሽቦው ልባስ ፕላስቲክ ደግሞ ዳይኦክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ። ያ ጭስ በመስኮት የሚገባው እዚያው ለሚተኙት ልጆች ነው።

«ሃይላንዱን ለቆራሌ ከሰጠሁ ድርሻዬን ተወጣሁ»

መስጠቱ ጥሩ ነው። ግን የተሰበሰበ ሃይላንድ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ሃይላንድ አይሆንም፤ ተፈጭቶ ክር ይሆንና በዚያው ይቀራል። የለስላሳ ብርጭቆ ጠርሙስ ግን ታጥቦ ደጋግሞ ይሞላል፤ የሚሻለው እንዲህ ያለው ነው። በውሃም ቢሆን አንዱን ኮዳ እየሞሉ መጠቀም ይቻላል፣ ቧንቧው ካለ። ውሃ በሚቋረጥበት ዶርም ተማሪው ሃይላንድ የሚገዛው ወዶ አይደለም፤ እሱን በግዴለሽነት መክሰስ ያሳዝነኛል። ክበቦቻችን ለአስተዳደሩ የሚጽፉት ቀጣዩ ደብዳቤ ባለ ቀለም ቅርጫት ይገዛልን ከሚል ይልቅ በየሕንፃው ሥር የማይደርቅ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ይተከልልን የሚል ቢሆን እመርጣለሁ።