በሀዋሳ ለዓይን ሞራ ኦፕሬሽን የሚገባ ሌንስ አመራረጥ

የዓይን ሞራ ማለት ከብሌናችን ኋላ ያለችው የተፈጥሮ ሌንስ ስትደፈርስ ነው። ሕክምናውን ሞራ ማስገፈፍ እንለዋለን፣ ቃሉ ግን ትንሽ ያሳስታል፣ ከላይ የሚገፈፍ ስስ ነገር የለም፣ የደፈረሰችው ሌንስ ራሷ ትወጣና የያዛት ከረጢት ውስጥ ሰው ሰራሽ ሌንስ ይገባል። ሀዋሳ ላይ እናቱን ወይ አባቱን የሚያሳክም ሰው የትኛው ሐኪም ጎበዝ ነው፣ ስንት ያስከፍላል ብሎ ይጠይቃል፣ ስለ ሌንሱ ግን ቢበዛ "ኦሪጅናል ነው?" ነው የሚለው። ሌንሱ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ ነገር ነው፣ ስለዚህ ያለውን እዚህ ሰብሰብ ለማድረግ ተሞክሯል።

ነገሩ ትንሽ ሰው የሚነካ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር የነበረ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚሆነው ምክንያቱ ሞራ ነበር፣ ማለትም ሊድን የሚችል።

ድሮ ሌንሷ ትወጣ ነበር እንጂ ምንም አይተካም ነበር። ከዛ ሰውየው 10 ዳዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ የሆነ የጠርሙስ ቂጥ የሚያክል መነጽር ይሰጠዋል፣ መነጽሩ ከጠፋ ወይ ከተሰበረ ተመልሶ ዕውር ነው። ይህን የቀየረው ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመቱ ፓይለቶችን ሲያክም የአውሮፕላኑ መስኮት ስንጥር (መስታወት ይምሰል እንጂ ፐርስፔክስ የሚባል ፕላስቲክ ነው) ዓይን ውስጥ ገብቶ ዓይኑን ሳያስቆጣ ሲቀመጥ አየ። በኋላ ደግሞ አንድ የሕክምና ተማሪ ኦፕሬሽን እያየ፣ ያወጣችሁትን ለምን በሌላ አትተኩትም ብሎ ጠየቀው ይባላል። ሪድሊ ኖቬምበር 29 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ውስጥ የመጀመሪያውን ሌንስ አስገባ። ፕላስቲኩን ዓይን ተቀበለው፣ የሌንሱ ልክ፣ ማለትም ዳዮፕተሩ ግን ከሚገባው በላይ ከፍ ያለ ስለነበር የመጀመሪያዋ ታካሚ ከባድ ማዮፒያ፣ ማለትም ሩቁ የሚደበዝዝ ዓይን ይዛ ወጣች። የሌንስ ታሪክ የተጀመረው በልክ ስህተት ነው ማለት ይቻላል፣ ዛሬም ትልቁ ጉዳይ ልኩ ነው። የሙያ ጓደኞቹ ለብዙ ዓመት ተቃወሙት፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እንኳን የፈቀደው በ1981 ነው። ሪድሊ በስተርጅናው ራሱ ሞራ ይዞት የራሱን ግኝት ዓይኑ ውስጥ አስገብቶለታል፣ በ2000 ደግሞ የሰር ማዕረግ አገኘ። ቻርለስ ኬልማን የሚባል አሜሪካዊ በ1967 ሌንሷን በአልትራሳውንድ ሰባብሮ በጠባብ ቀዳዳ የሚመጠውን ፋኮ ፈጠረ፣ ሐሳቡ የመጣለት የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። በ1980ዎቹ ተጣጥፎ የሚገባ ሌንስ መጣ።

ለእኛ አገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው የዋጋው ታሪክ ነው። አንዱ ሌንስ ከ100 ዶላር በላይ በሚሸጥበት ጊዜ ድሃ አገር ላይ ማንም አይሞክረውም ነበር። ሕንድ ማዱራይ ላይ ዶክተር ቬንካታስዋሚ በ1976 በ11 አልጋ የጀመሩት የአራቪንድ ሆስፒታል በ1992 አውሮላብ የሚባል የራሱን ፋብሪካ ከፈተ፣ በ1993 ያረፈው አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም ፍሬድ ሆሎውስ ያቋቋመው ፋውንዴሽንም በ1994 ካትማንዱና ጎረቤታችን አስመራ ላይ የሌንስ ፋብሪካ አቋቋመ። ሌንስ ከ10 ዶላር በታች ወረደ። ዛሬ በዘመቻ በነጻ የሚገባው ሌንስ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ ደካማ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ሀዋሳ ላይ ዋናው ቦታ ሁላችንም ሪፈራል የምንለው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከሲዳማ ብቻ ሳይሆን ከጌዴኦ፣ ከወላይታ፣ ከምዕራብ አርሲና ከጉጂም ሰው ይመጣል፣ ሽማግሌ እየመሩ በሌሊት ተነስተው የሚመጡ ልጆችን ያየ ሰው ይህ ቤት ስንት ሸክም እንደያዘ ይገባዋል። ከዛ ውጪ የግል የዓይን ክሊኒኮች አሉ፣ አንዳንዱም አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ይሄዳል።

እንደ አገር በብዛት የሚሠራው ኤስ.አይ.ሲ.ኤስ. የሚባለው ስፌት የማይፈልግ ኦፕሬሽን ነው፣ ከ6 ሚሊሜትር ትንሽ ሰፋ ያለ መሿለኪያ ይከፈትና ሪድሊ ከተጠቀመበት ቁስ ዘር የሆነው ፒ.ኤም.ኤም.ኤ. ጠንካራ ሌንስ ይገባል። ፋኮ ግን ከ3 ሚሊሜትር በታች ቀዳዳ ነው፣ ስለዚህ ሌንሱ አክሪሊክ የሆነ ተጣጣፊ መሆን አለበት፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ብዙ ሰው "ፋኮ ካልሆነ አይሆንም" ይላል፣ ይህ ትክክል አይደለም። በ2007 ኔፓል ውስጥ ሁለቱን ያወዳደረ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል፣ ኤስ.አይ.ሲ.ኤስ. ደግሞ ፈጣንና ርካሽ ነው። ጠጥሮ ለቡኒ ወይም ለነጭ የደረሰ ሞራ ላይማ ብዙ ሐኪሞች እሱን ይመርጣሉ። ፋኮ ቁስሉ ቶሎ ይድናል፣ አስቲግማቲዝምም (የዓይን የፊት ሽፋን እኩል ባለመጎበጡ የሚመጣ ብዥታ) ያነሰ ያመጣል፣ ያ እውነት ነው። አክሪሊኩ ውሃ የሚስብ ይሁን የማይስብ የሚለው ክርክር አለ፣ የማይስበው በኋላ ከረጢቱ እንዳይደፈርስ ይሻላል የሚሉ ይበዛሉ፣ የሌንሱ ጠርዝ ሹል መሆኑም ድርሻ አለው። ከረጢቱ ቢደፈርስም ያግ በሚባል ሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል፣ ሌንሱ አይቀየርም።

አሁን ወደ ዓይነቱ። ሞኖፎካል አንድ ርቀት ብቻ ያጠራል፣ አብዛኛው ሰው ሩቅ ያስደርገዋል፣ ለማንበብ ትንሽ መነጽር ያደርጋል። ግን ሩቅ ግዴታ አይደለም! ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ተቀምጦ መረብ የሚጠግን ሰው ወይም ሌሊት ተነስተው ዳዊት የሚደግሙ እናት ቅርቡ ቢጠራላቸው ይመርጡ ይሆናል፣ ሐኪሙ ልኩን ወደዛ ማድረግ ይችላል፣ ካልነገሩት ግን አያውቅም። አንዱን ዓይን ለሩቅ አንዱን ለቅርብ ማድረግም አለ፣ ሁሉም ሰው አይለምደውም። ቶሪክ አስቲግማቲዝም ላለበት ነው፣ ዓይን ውስጥ ትንሽ ከዞረ ጥቅሙ ይቀንሳል። ማልቲፎካል ሩቅም ቅርብም ያሳያል ተብሎ ይሸጣል፣ ያሳያልም፣ ዋጋው ግን ከገንዘብ በላይ ነው፣ የንፅፅር አቅም፣ ማለትም ደብዘዝ ያለን ነገር ከዙሪያው መለየት ይቀንሳል፣ ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት ይታያል። ማታ ባጃጅ ለሚነዳ ሰው አይሆንም፣ በዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም። ስኳር ሬቲናውን (ከዓይን ኋላ ምስል የሚቀበለውን ሽፋን) የጎዳው፣ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ያለበት፣ ትራኮማ ኮርኒያው (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ላይ ጠባሳ የተወበት ሰውም ቢተወው ይሻላል። በአገራችን ብዙ የሚታየው ስዩዶኤክስፎሊየሽን (ሌንሷ ላይ ነጭ ፍርፋሪ የሚከማችበት ችግር) የከረጢቱን ማሰሪያ ስለሚያላላ ሌንሱ ወደፊት ሊንሸራተት ይችላል፣ ይህም ይታሰብበት።

ከዓይነቱ በላይ የሚወስነው ግን መለኪያው ነው። ባዮሜትሪ ይባላል፣ የኮርኒያው ጉብታና የዓይን ኳሱ ርዝመት ይለካና ሌንሱ ስንት ዳዮፕተር ይሁን የሚለው ይሰላል። አማካይ ዓይን 23.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በርዝመቱ ላይ 1 ሚሊሜትር መሳሳት 2.5 ዳዮፕተር የሚያህል ስህተት ያመጣል። ኤ-ስካን የሚባለው በአልትራሳውንድ የሚለካ መሣሪያ ሲለካ ጫፉ ኮርኒያውን ከተጫነ ዓይኑ አጭር መስሎ ይወጣል፣ የሚመረጠው ሌንስ ዳዮፕተርም ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል፣ የሪድሊ ታካሚ የደረሰባት ዓይነት ነገር ማለት ነው። በብርሃን የሚለካው መሣሪያ የበለጠ ትክክል ነው፣ ግን ነጭ የሆነ ሞራን አልፎ ማየት አይችልም። ለዚህ ነው "ሞራው ይብሰል" ብሎ መጠበቅ የሚያናድደኝ፣ ድሮ ምክንያት ነበረው፣ ዛሬ የለውም፣ ሲቆይ ይጠጥራል፣ ለመለካትም ያስቸግራል። አክስቴ አንዱን ዓይኗን ሳይለካ በአማካይ ሌንስ አሠርታ፣ የሁለተኛውን ተለክቶ ስታሠራ ልዩነቱን በማግስቱ ራሷ ነው የነገረችን፣ የመጀመሪያው ይረዳታል ግን እስከ ዛሬ ሩቁ ይደበዝዝባታል።

ሞራ ሳይኖር መነጽር ለመተው ሌንስ የሚያስገቡም አሉ። ለወጣት ከባድ ማዮፒያ ላለበት አይ.ሲ.ኤል. የሚባለው የራሱ ሌንስ ሳይወጣ ከፊቱ ይቀመጣል። የተፈጥሮ ሌንስን ማውጣት ግን ለወጣት አይመከርም፣ ቅርብና ሩቅ የማስተካከል አቅሙን ያጠፋዋል፣ ማዮፒያ ያለበትን ደግሞ ለሬቲና መላቀቅ ያጋልጠዋል።

ከኦፕሬሽኑ በፊት የሚጠየቁት፦ ተለክቷል ወይ፣ ልኩ ለሩቅ ነው ለቅርብ፣ ሌንሱ ጠንካራ ነው ተጣጣፊ፣ የማለቂያ ቀኑስ መቼ ነው። ከሌንሱ ማሸጊያ ጋር ዓይነቱና ዳዮፕተሩ የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት ይመጣል፣ አንዱን ካርዳችሁ ላይ አስለጥፉና አስቀምጡት። ሁለተኛው ዓይን ሲሠራ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።