ከወባ እስከ ሎጂክ፦ ሊበራል አርትስ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የወለደው ወባ ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያ ሜዳ የተነሳው ወረርሽኝ ብዙ ሰው ፈጀ። መንግሥትም በውጭ ድርጅቶች እየታገዘ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈተ። የሚሠለጥኑት ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች) ነበሩ። ታሪክና ፍልስፍና የኮሌጁ ሥራ አልነበሩም። ሰው በወባ እያለቀ ማን ስለ ፕሌቶ ያወራል?

እንዲያም ሆኖ ኮሌጁ «ቲም ትሬኒንግ» የሚባል ነገር ነበረው። የሦስቱም ሙያ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ገጠር ይወርዳሉ፣ ጤና ጣቢያ ላይ አብረው ይሠራሉ። አንድን ገበሬ ሽንት ቤት እንዲቆፍር ለማሳመን ደግሞ አናቶሚ አይበቃም። አነጋገሩን፣ እምነቱን፣ ኑሮውን ማወቅ ይጠይቃል። እኔ የጎንደርን ሊበራል አርትስ፣ ማለትም ከአንድ ሙያ ያለፈውን ሰፊ ትምህርት፣ ከዚህ ብጀምር ደስ ይለኛል። የማይስማማ ይኖራል።

ከግቢው ውጭ ያለው ከተማ ግን ድሮም የሚያስተምረው ይሄንኑ ነበር። በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም (ከዝማሬና ከሽብሸባ ጋር የሚሄደው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት) ማስመስከሪያ ናት። በመጻሕፍት ትርጓሜ «የላይ ቤት» እና «የታች ቤት» የሚባሉት ሁለቱ ወገኖችም ስማቸው ከጎንደር ጋር የተያያዘ ነው። የቆሎ ተማሪው አንዱን ቃል በ«አንድም»፣ ማለትም ትርጉም በትርጉም ላይ እየደረበ፣ ሲፈታና ሲከራከር ይውላል። ከዚህ በላይ ምን ሂውማኒቲስ (የሰውን ሐሳብና ባህል የሚያጠና ትምህርት) አለ?

ኮሌጁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ማኅበራዊ ሳይንስና ሂውማኒቲስ ገቡ። ዛሬ ማራኪ ግቢ ናቸው። አጋጣሚው ግን ያስቃል። በዚያው ሰሞን በአገር ደረጃ ፍሬሽማን የሚባለው የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት የመጀመሪያ ዓመት ቀረ፣ ዲግሪው ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ወረደ። ቀጥሎ ሰባ ሠላሳ መጣ። ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ ተባለ። «ሶሻል» መግባት እንደ መውደቅ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የመሳሰሉት ኮመን ኮርስ (የጋራ ትምህርት) ሆኑ። በስሙ ሊበራል አርትስ የሚባል ዲግሪ ሳይሆን ይቺ አንዲት ዓመት ናት ሸክሙን የያዘችው። ችግሩ ክፍሉ መሙላቱ ነው። በታጨቀ አዳራሽ ክርክር አይካሄድም። ስለዚህ ሎጂክ ራሱ ከሀንዳውት ተሸምድዶ ይታለፋል። ክርክር የሚማርበትን ኮርስ መሸምደድ!

ተማሪው ግን በቀላሉ አያየውም። ዲፓርትመንት የሚመደበው በፍሬሽማን ውጤትም ጭምር ነው። ያ በወባ ሰበብ የተተከለው የጤና ትምህርት ቤት ዛሬ ሐኪም ልሁን የሚለውን ተማሪ ሲቀበል፣ የሎጂክ ውጤቱም ከሚታዩት አንዱ ነው።