የባቡር ከተማ ሠራተኞችና የግራ ፖለቲካ በድሬዳዋ

ድሬዳዋ በኢትዮጵያ የሠራተኛ ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ከስፋቷ በላይ ቦታ የያዘች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣውን የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ውድና አስቸጋሪ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በ1895 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስም ለጣቢያው፣ ለዴፖውና ለጥገና ወርክሾፑ ሲባል መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማ ተቆረቆረች። በደመወዝ የሚተዳደር ሰው በአገሪቱ ብርቅ በነበረበት ዘመን የድሬዳዋ ገበያ፣ ሻይ ቤትና የቤት ኪራይ የቆመው በእሱ የወር ገቢ ላይ ነበር። ይህ ዳሰሳ በከተማዋ የሠራተኛ ማኅበር እንዴት እንደተፈጠረ፣ የማርክሲዝምና የኮሚኒዝም ፖለቲካ መቼና ከየት እንደደረሰበት፣ በላብ አደሩ ስም ሥልጣን የያዘው መንግሥትም ማኅበሩን ምን እንዳደረገው ይመለከታል።

ኩባንያውና ወርክሾፑ

አጼ ምኒልክ የመጀመሪያውን የባቡር ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሥራውን የጀመረው ኩባንያ ሐዲዱን ድሬዳዋ ካደረሰ በኋላ ገንዘብ አጥሮት ከሰረ፤ ግንባታው ለዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የተቋቋመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ተረክቦ በ1909 ዓ.ም. መስመሩን አዲስ አበባ አስገባ። ወደ 784 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ ጠባብ ሐዲድ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ዋነኛ የውጭ ንግድ በር ሲሆን፣ ዋናው የጥገና ወርክሾፕ ድሬዳዋ ላይ ተተከለ።

የኩባንያው የሥራ ደረጃ በከተማዋ አሠፋፈር ላይ ሳይቀር ይታይ ነበር። ከደቻቱ በስተ ምዕራብ ያለው ከዚራ ቀጥ ባሉ መንገዶቹና በጥላ ዛፎቹ የፈረንሳይ ሹማምንትና የሌሎች የውጭ ዜጎች ሠፈር ሲሆን፣ ከወንዙ ማዶ ያለው መጋላ የነጋዴው፣ የጭነት ሠራተኛውና የዝቅተኛው ደመወዝተኛ ሠፈር ነበር። በሥራ ቦታም ፈረንሳዮች የላይኛውን ኃላፊነት ሲይዙ ግሪኮች፣ አርመኖችና ጣሊያኖች በባለሙያነትና በፎርማንነት ይቀመጡ ነበር፤ ከእነሱ በታች ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌውና የየመን ዐረቡ በአንድ ግቢ ውስጥ ይሠራሉ። ትእዛዙ፣ የእቃው ስምና የደመወዝ ወረቀቱ ሁሉ በፈረንሳይኛ ስለነበረ፣ ፊደል ያልቆጠረ ቶርኖ ሠራተኛ እንኳ የእቃውን ሁሉ ስም በፈረንሳይኛ አቀላጥፎ ይጠራ ነበር።

ወርክሾፑ ራሱ ለማኅበር መፈጠር አመቺ ቦታ እንደነበረ ለመረዳት የእንፋሎት ባቡር ምን ዓይነት ጥገና እንደሚፈልግ ማየት ይበቃል። ከውሃው የሚቀረው ጨው መሰል ቅርፊት ውሃው በሚፈላበት የእንፋሎት ጋን ውስጥ እየተጋገረ የእሳቱን ኃይል ስለሚያፍነው፣ ጋኑ በየጊዜው ቀዝቅዞ ቅርፊቱ መነሣት ነበረበት። በጠመዝማዛው መስመር ላይ የሚበላው ጎማ ከአክሱ ጋር ወርዶ በቶርኖ ይላጋል፤ የተሰበረ ክፍል ሲገኝ ምትኩን ከፈረንሳይ መጠበቅ ወራት ስለሚወስድ ናሙናው ከእንጨት ተቀርጾ በብረት ማቅለጫው ክፍል ይፈሰሳል። ይህ ሁሉ በጥቂት ወራት የማይለመድ ሙያ ነው። ከመንገድ በተለቀመ ሰው በቀላሉ ሊተካ የማይችል ሠራተኛ፣ ከዚያም በላይ አንድ ቦታ ላይ ሥራ ቢያቆም የመላ አገሪቱን ቡናና ቆዳ ጣቢያ ላይ ሊያስቀር የሚችል ሠራተኛ፣ አቅሙን ለማወቅ ከውጭ የሚመጣ ቲዎሪ አያስፈልገውም።

ከመረዳጃ እስከ አድማ

በጣሊያን ወረራ ዓመታት ከተማዋ የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አገኘች፤ ከነጻነት በኋላም ከባቡሩ ግቢ ውጭ የሚሠራው የፋብሪካ ሠራተኛ እየበዛ ሄደ። የመጀመሪያው ማኅበር ግን የተወለደው በባቡሩ ነው። በ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ የምድር ባቡሩ ሠራተኞች ድሬዳዋ ላይ ያቋቋሙት ሲንዲካ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተደራጀ የሠራተኛ ማኅበር ተደርጎ ይቆጠራል። ዓላማው ለታመመ መርዳት፣ የሞተን መቅበር፣ ለቤተሰቡ መድረስ ነበርና ከእድር ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ አባላቱ የአንድ አሠሪ ደመወዝተኞች በመሆናቸው ስለ መረዳጃ ሲመክሩ ስለ ደመወዝ መምከራቸው የማይቀር መሆኑ ነው።

በ1940ዎቹ መግቢያ ላይ ሠራተኞቹ ሥራ ሲያቆሙ መንግሥት ጉዳዩን እንደ ሥራ ክርክር ሳይሆን እንደ አመፅ ቆጥሮ በኃይል ደመሰሰው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል፦ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የኮሚኒስት ፓርቲ አልነበረም፤ የአድማውም ጥያቄ የደመወዝና የአያያዝ ጥያቄ ነበር። አድማን ከሴራ ጋር አንድ አድርጎ የማየት ልማድ ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በመንግሥት ቤት ሥር ሰድዶ ቆየ፤ ሥርዓት ሲለወጥም አብሮ አልተለወጠም።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም መብትን በጽሑፍ አሰፈረ፤ ማኅበራት ሕጋዊ ሆነው እንዲመዘገቡ የፈቀደው ድንጋጌ ግን የወጣው በ1954 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 1955 ዓ.ም. መንግሥት 22 ማኅበራትን ለያዘው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) እውቅና ሰጠ። አንድነት ማኅበሩ በቀዝቃዛው ጦርነት ክፍፍል ከምዕራቡ ጎራ ዓለም አቀፍ የነጻ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ጋር ወግኖ፣ በኅብረት ስምምነትና በድርድር የሚያምን ቁጥብ ድርጅት ሆኖ ለዓመታት ቀጠለ። እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ ወደ 167 ማኅበራትና 80,000 ያህል አባላት ቢደርስም በየፋብሪካው የቆሙ ማኅበራት ስብስብ ከመሆን ብዙም አልዘለለም፤ የምርጫ ማጭበርበርና የገንዘብ ብክነት ወቀሳም አልተለየውም። የመንግሥት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች ከሕጉ ውጭ ነበሩ።

በ1952 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ኢትዮጵያ የምድር ባቡሩን ኩባንያ ግማሽ ድርሻ ስትይዝ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ለሠራተኛው የዚህ ትርጉም ድርብ ነበር። በአንድ በኩል ኢትዮጵያውያን ወደ ላይኛው የሥራ ደረጃ የሚወጡበት በር ተከፈተ፤ በሌላ በኩል እስከዚያ ድረስ በባዕድ ኩባንያ ላይ ይነሣ የነበረው አቤቱታ ከዚያ ወዲያ በከፊል በራሱ መንግሥት ላይ የሚነሣ ሆነ።

ቲዎሪው ከየት መጣ?

የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ሐሳብ ወደ ድሬዳዋ ወርክሾፕ የገባው በሠራተኛው በኩል አልነበረም። ምንጩ ተማሪው ነው። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአሥር ዓመት ውስጥ ከመሬት ጥያቄ ወደ መደብ ትግል አንደበት ተሻገረ፤ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ያለው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅም የዚሁ ንቅናቄ አንዱ መናኸሪያ ነበር። በውጭ አገር ያሉት ተማሪዎች የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄን (መኢሶን) በ1960 ዓ.ም.፣ ኋላ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) የተባለውን ድርጅት ደግሞ በ1964 ዓ.ም. መሠረቱ። ሁለቱም የሚናገሩት በወዝ አደሩ ስም ነበር፤ በሁለቱም የአመራር ወንበር ላይ ወዝ አደር መፈለግ ግን ብዙ ድካም ነው።

ንቅናቄውንና ሠራተኛውን ያገናኘው የ1966ቱ አብዮት ነው። የኑሮ ውድነት፣ የወሎ ረሀብ መጋለጥና የወታደሩ ማጉረምረም በተደራረቡበት ወቅት ኢሠአማ የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠቅላላ አድማ ጠራና በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነው ይህ አድማ ለአራት ቀን ያህል ቆየ። ጥያቄዎቹ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልን፣ የመደራጀትና የአድማ መብትን ያካተቱ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደርግ ሲሰባሰብ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የመጡት ሐረር ከሰፈረው ከሦስተኛው ክፍለ ጦር ተወክለው ነው፤ ምሥራቁ ለአብዮቱ በሠራተኛ ብቻ ሳይሆን በወታደርም አስተዋጽኦ ነበረው።

ኢሠአማ ወታደራዊውን መንግሥት በይፋ ከተቃወሙ ድርጅቶች ግንባር ቀደም ነበር። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሕዝባዊ መንግሥት እንዲመሠረት በመጠየቁ መሪዎቹ ታሰሩ። ደርግ በበኩሉ በታኅሣሥ ኅብረተሰባዊነትን አወጀ፤ በጥር 72 ኩባንያዎችን ሙሉ በሙሉ ወረሰ። ላብ አደሩ በንድፈ ሐሳብ የፋብሪካው ባለቤት ስለሆነ በገዛ ንብረቱ ላይ ሥራ ማቆሙ ትርጉም የለውም የሚል ክርክር ከዚያ በኋላ በየስብሰባው ይሰማ ጀመር። ግንቦት 11 ቀን 1967 ዓ.ም. የኢሠአማ ጽሕፈት ቤት ለጊዜው ተዘጋ፤ በመስከረም 1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ወረቀት ይበትኑ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሰዎች ሞቱ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። በኅዳር ወር የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64 የቀድሞውን አንድነት ማኅበር አፍርሶ ማኅበራትን የበታቹ አካል ለበላዩ ውሳኔ በሚገዛበት በዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት መመሪያ እንደገና አደራጀ።

ከዚህ በኋላ ፋብሪካው የሁለት ድርጅቶች መፋለሚያ ሆነ። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ሲል መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ። ኢሕአፓ ሥራውን በጥቂት ሰዎች ኅዋስና በድብቅ በሚባዛ ወረቀት ያካሂድ ነበር። ልሳኑ «ዴሞክራሲያ» በስቴንስል ተመትታ፣ ታጥፋ፣ በምሳ እቃ ውስጥና በቱታ ኪስ ተደብቃ ከእጅ ወደ እጅ ትተላለፋለች፤ ያነበበ ያቃጥላታል ወይም ለሚያምነው ያሳልፋታል። መኢሶን በሕዝብ ማደራጃ ጽሕፈት ቤትና በውይይት ክበብ በይፋ ይሠራል፤ ሠራተኛው ከፈረቃው ሲወጣ ስለ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝምና ቢሮክራቲክ ካፒታሊዝም እንዲወያይ ይሰበሰባል። በስብሰባው ላይ ዝም ማለት እንኳ አቋም ተደርጎ ይታይ ነበር።

ጥር 1969 ዓ.ም. የተመሠረተው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር (መኢሠማ) 1,341 መሠረታዊ ማኅበራትና 287,000 አባላት እንዳሉት ተነገረ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበሩ ቴዎድሮስ በቀለ ብዙም ሳይቆዩ ተገደሉ። በነጭና በቀይ ሽብር ስም በተካሄደው ግድያ ድሬዳዋና ሐረርም አልተረፉም፤ የማኅበር ሰው መሆን በአንደኛው ወገን «ባንዳ»፣ በሌላው «አናርኪስት» ለመባል የሚያጋልጥ ሆነ።

ጦርነቱና የፓርቲው ዘመን

በምሥራቅ ይህ የእርስ በርስ መተላለቅ ከሶማሊያ ወረራ ጋር ተገጣጠመ። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት የባቡሩ ድልድዮች በፈንጂ ፈርሰው መስመሩ ቆመ፤ ነሐሴ 11 ቀን የሶማሊያ ጦር በድሬዳዋ ላይ ያደረገው ጥቃት ብርቱ ውጊያ ተደርጎበት ተመለሰ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» በሚባልበት ወቅት ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቅ አገር መክዳት ሊመስል ይችል ነበር። ጦርነቱ ለደርግ ከማንኛውም አዋጅ በላይ የሠራተኛውን ጥያቄ ዝም አሰኝቶለታል ማለት ይቻላል።

ቀሪው የሶሻሊስት ዘመን ለማኅበሩ ጸጥ ያለ ነበር። በ1970 ዓ.ም. የመኢሠማ አመራር በፖለቲካ አሻጥር ተወንጅሎ ተነሣ፤ በ1974 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የማኅበሩ ተግባር ምርትን ማሳደግና የማምረቻ መሣሪያን መንከባከብ መሆኑ ይበልጥ ተረጋገጠ፤ መስከረም 1977 ዓ.ም. የአገሪቱ ገዢ ፓርቲ የሆነው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሠረተ። ሜይ ዴይ በየዓመቱ በቀይ ባንዲራና በኢንተርናሲዮናል መዝሙር ይከበራል፤ ሠራተኛው ተሰልፎ ይወጣል፤ በማግሥቱ የኅብረት ስምምነት የሚደራደርለት ተወካይ ግን ከፓርቲው ፈቃድ ውጭ አይመረጥም። የባቡር ድርጅቱ ከጅቡቲ ነጻነት በኋላ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆኖ የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ተባለ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መኢሠማን የወረሰው ድርጅት ፈርሶ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ተቋቋመ። አዋጅ ቁጥር 42/1985 የሥራ ማቆም መብትን በሕግ አወቀ፤ ሆኖም እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ናቸው ብሎ አድማ ከከለከላቸው ዘርፎች አንዱ የባቡር ትራንስፖርት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ባቡርን ከዚህ ዝርዝር ሲያወጣ አሮጌው መስመር በመለዋወጫ እጦትና በመኪና ጭነት ፉክክር ተዳክሞ ነበር። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ በሌላ ሐዲድ፣ ከከተማው መሐል ውጭ በተሠራ ሌላ ጣቢያ ያልፋል።