የገዛ ወገንን በስድብ ስም መጥራት፦ ጭፍን ጥላቻ ምንድን ነው?

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ዓይነ ስውር ተማሪዎች «አንተ ዕውር» እየተባባሉ ሲሳሳቁ የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል፦ «ራሳቸውን ይንቃሉ»፣ ወይም «እነሱ ከተባባሉት እኔ ብል ምን አለበት?» እንዲህ ባዮቹ ሁለቱም ጭፍን ጥላቻን የሚፈልጉት ቃሉ ውስጥ ነው፤ የሚሳሳቱትም እዚያው ላይ ነው።

ጭፍን ጥላቻ ፍርድ ነው። ሰውየውን ሳያውቁት የእነ እገሌ ወገን ስለሆነ ብቻ ያነሰ ነው ብሎ መፍረድ፣ ማስረጃ ቢቀርብም ከዚያ ፍርድ አለመነቃነቅ። «ዓይነ ስውር ክፍል ይዞ ማስተማር አይችልም» በሚለው ውስጥ አንድም ስድብ የለም፤ ተናጋሪው ራሱ ዓይነ ስውር ቢሆን እንኳ ንግግሩ ጭፍን ጥላቻ ነው።

«ሰው እንዴት የገዛ ወገኑን ይጠላል?» ለሚሉ መልሱ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ጥቁር ሕፃናት በቆዳና በፀጉር ቀለም ብቻ የሚለያዩ አሻንጉሊቶችን አቀረቡ። አብዛኞቹ ነጩን መረጡ፤ መጥፎው የቱ እንደሆነ ሲጠየቁም ብዙዎቹ ያመለከቱት ጥቁሩን ነው። አሻንጉሊት መምረጥና ሰው መጥላት አንድ አይደሉም፤ ሆኖም ማኅበረሰቡ የሰጠው ፍርድ የተፈረደበትም ልብ ውስጥ እንደሚገባ ያሳያል።

«እነሱ ካሉ እኔም» የሚለውን ክርክር ግን በዕድር ዕቃ ማየት ይሻላል። ድንኳኑንና ብረት ድስቱን የሚወስደው አባል ነው፤ መዋጮውን የከፈለው እሱ ነውና። በስድቡም ዋጋ የከፈለው የተሰደበበት ሰው ነው። ይሁን እንጂ አባልነት ዕቃ ለማውጣት እንጂ ለመስበር አይደለም፤ ድስቱን ቀዶ የመለሰ አባል ይቀጣል። ድንኳኑን ለውጭ ሰው ያከራየም እንዲሁ፤ የወገኑን ስድብ መድረክ ላይ ለሌሎች መሳቂያ የሚያቀርብ ሰው የሚሠራው ይህንኑ ነው። «ጓደኛዬ ፈቅዶልኛል» ባዩም ከአንድ አባል ፈቃድ ይዞ የሁሉን ዕቃ ሊያወጣ የመጣ ነው። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታ አለ፦ ዕድር የአባላት መዝገብ አለው፣ ቃል ግን መዝገብ የለውም። ኋላ ወንበር ላይ ያለ ሌላ ዓይነ ስውር ማን ከማን ጋር እንደሚቀልድ አያውቅም፤ የሚደርሰው ስድቡ ብቻ ነው።

ተረብን ከጭፍን ጥላቻ ለመለየት ስድቡን አውጥታችሁ በመደበኛው ስም ተኩት። «ና አንተ ዕውር፣ ሻይ ልጋብዝህ» ሲተካ የሚቀረው ግብዣው ነው። «ዕውር ከዕውር አይጋባ» ግን ቢተካም ፍርዱ እንዳለ ይቀራል።

ከዚያ ስድቡ የሚያርፍበትን ሰው ተመልከቱ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህንን ነው። የተማረው ዓይነ ስውር ቃሉን ለጓደኞቹ ሳይሆን ጊዮርጊስ ደጅ ለሚለምኑት ብቻ የሚጠቀምበት ከሆነ፣ ተረብ መሆኑ ቀርቶ «እኔ እንደነሱ አይደለሁም» ማለት ነው። ይህ የሚያጠቃው በወገኑ ውስጥ ያለውን ደካማ ስለሆነ ከውጭ ከሚመጣው ስድብ ያላነሰ ያቆስላል።

ተረብ መመለስም መቻል አለበት። አንዱ ሲሰድብ ሌላው ሁልጊዜ የሚስቅ ብቻ ከሆነ ዕድሜን፣ ሥልጣንን፣ ገንዘብን እዩ። ሳቅን እንደ ፈቃድ መቁጠር ስህተት ነው።

ሕጉን ለሚጠይቁ፦ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አካል ጉዳተኝነትን ከብሔር፣ ከሃይማኖት፣ ከዘርና ከፆታ ጋር ይጠቅሳል። መለኪያው ንግግሩ ሆን ተብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ማስፋፋቱ ነው። የጓደኛሞች ተረብ እዚያ አይደርስም፤ የወገኑን ሰዎች ለማስጠቃት የሚቀሰቅስ ሰው ግን «እኔም ከእነሱ ነኝ» ስላለ የሚያመልጥበት አንቀጽ የለም።