የርግብ ጭራ መጋጠሚያ በራውተርና በጂግ፦ ከወሎ የእንጨት ሥራ አንጻር

የርግብ ጭራ፣ በሙያ ትምህርት ቤት ስሙ ዶቭቴል፣ ሁለት ጣውላዎችን ማዕዘን ላይ ያለ ምስማር የሚያቆላልፍ መጋጠሚያ ነው። በአንዱ ጣውላ ጫፍ ላይ ከሥሩ ጠቦ ወደ ጫፉ የሚሰፋ ጭራ ይወጣል፤ በሌላው ላይ ጭራውን የሚቀበል ጎድጓድ ይቀረጻል፤ በጎድጓዶቹ መካከል የሚቀረው እንጨት ጥርስ ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለመሳቢያ ነው። መሳቢያ በተሳበ ቁጥር ፊቱ ከጎኖቹ ሊላቀቅ ይታገላል፤ ምስማር በዚያ ትግል ቀስ በቀስ ይላላል፣ ጭራ ግን ሰፊ ጫፉ አያስወጣውም።

ወሎ ውስጥ የዚህ መጋጠሚያ ዋጋ የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ባቲ ሲወረድ ደግሞ አየሩ ጨርሶ ሌላ ነው። በደሴ ጭጋግ የተሠራ ኮመዲኖ በጭነት መኪና ላይ እየተናጠ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ቆላ ሲገባ እንጨቱ እርጥበቱን ለቆ ይኮማተራል። በምስማር ብቻ የተያዘ ማዕዘን ያኔ ይከፈታል። በጭራ የተቆላለፉት ጣውላዎችም መኮማተራቸው አይቀርም፤ ነገር ግን የሁለቱም ጭረት (የእንጨቱ ክር) ወደ መጋጠሚያው ስለሚሄድ በወርዳቸው አብረው ይጠባሉ፤ ቁልፉም አይፈታም።

በእጅ ለሚሠራው ሰው ቀጭን መጋዝ፣ መሮና እርሳስ ይበቁታል። ለለስላሳ እንጨት 1 ለ6፣ ለጠንካራ 1 ለ8 የሚሆን ተዳፋት ያሰምራል፣ ይጋዛል፣ በመሮ ይፈለፍላል። ስድስት መሳቢያ ያለው ቁም ሳጥን በእያንዳንዱ መሳቢያ አራት ማዕዘን ጭራ ይውጣለት ከተባለ ግን 24 ማዕዘን ይመጣል። የራውተር፣ ማለትም ፑንታ (መቁረጫ ብረት) በፍጥነት እያሽከረከረ እንጨት የሚቀርጸው የኤሌክትሪክ ማሽን፣ ወግ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጂግ ሁለት ጣውላዎችን የሚያስር መያዣ ሲሆን ከላዩ እንደ ሚዶ ጥርስ ያወጣ ሰሌዳ አለው። ራውተሩ ሆድ ላይ የሚታሰረው መሪ ቀለበት የሚዶውን ጥርሶች እየተከተለ ሲገባና ሲወጣ፣ ከቀለበቱ ሥር ያለው ፑንታ እንጨቱን ይቀርጻል። ፑንታው ወደ ታች የሚሰፋ ነው፤ ለተለመደው የመሳቢያ ጂግ 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋትና 14 ዲግሪ ዝንባሌ ያለው ይመረጣል። የመሳቢያው ጎን ቀጥ ብሎ ከፊት ይቆማል፣ የመሳቢያው ፊት ከላይ ይጋደማል፤ አንዱ ከሌላው በሚዶው ጥርሶች ርቀት ግማሽ ወደ ጎን ይሸሻል። ጭራውም ጎድጓዱም በአንድ ጉዞ ይወጣሉ። ሁለቱም ጣውላዎች የውስጥ ገጻቸውን ወደ ውጭ አዙረው መታሰር አለባቸው፤ ይህን የረሳ ተለማማጅ መጋጠሚያው ተገልብጦበት ጣውላውን ለማገዶ ይሰጣል።

በዚህ ዓይነት ጂግ ላይ የሚዶው ጥርሶች በ22.2 ሚሊ ሜትር ርቀት የተደረደሩ ከሆነ የመሳቢያው ቁመትም የዚያ ብዜት እንዲሆን ይመከራል፦ 111፣ 133 ወይም 156 ሚሊ ሜትር። ያለበለዚያ ከላይ ግማሽ ጥርስ፣ ከታች ደግሞ ስንጥር ይቀራል። ጂግ ያለው ሰው ሳጥኑን ለጂጉ ይለካል እንጂ ጂጉን ለሳጥኑ አይለካም፤ የእጅ ባለሙያ በዚህ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ዋናው ጥበብ ያለው ልኩን በማግኘት ላይ ነው። መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ይሞከራል። መጋጠሚያው ከላላ ፑንታው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ከጠበቀ ከፍ ይላል። ነገሩ ለጀማሪ ግራ ነው፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ፑንታው ወደ ላይ ስለሚጠብ፣ በጥልቀት በገባ ቁጥር ከጭራው ጫፍ የሚላጨው እንጨት ያንሳል፣ ጭራውም ይሰፋል፤ የጎድጓዱ ወለል ስፋት ግን ያው ነው። ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። ልኩ ሲገኝ ያ ቁራጭ አይጣልም፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለሚቀጥለው ሥራ መለኪያ ይሆናል።

አቆራረጡም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ከቀኝ ወደ ግራ የቆመውን ጣውላ ፊት ሳሳ አድርጎ መላጨት ጭረቱ እንዳይቦጨቅ ይረዳል፤ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ በየጥርሱ ይገባል። ፑንታው እየተሽከረከረ ራውተሩን ወደ ላይ ማንሳት ጭራውንም ሚዶውንም ይበላል። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ማብሪያውን መዝጋት ይቀድማል፤ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ራሱ ተነሥቶ ሊሮጥ ይችላል። ኃይሉ ሲቀንስ ደግሞ ሞተሩ ይዳከማል፣ ፑንታውም ከመቁረጥ ይልቅ እንጨቱን ያሻሸዋል፤ ጠቁሮ የሚወጣው ጎድጓድ ምስክር ነው።

ዋንዛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ንጹሕ ይቆረጣል፣ ጠርዙም አይረግፍም። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ዛሬ የገጠመው ጭራ በሳምንቱ አይገጥምም። ቺፕውድ ጨርሶ አይሆንም፤ የሚያቆላልፍ ጭረት የለውምና ጥርሱ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።

ኮላው ለጭራውም ለጎድጓዱም በስሱ ይቀባል፤ መዶሻው በቀጥታ አያርፍም፣ ቁራጭ ጣውላ ይደረግለታል። ከዚያ ሳጥኑ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ በሜትር ይለካል። ሁለቱ ልኮች እስኪተካከሉ ረዥሙ ሰያፍ ቀስ እያለ ይገፋል፤ ሲተካከሉ ሳጥኑ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና ኮላው እስኪደርቅ አይነካም።