የጣና ጀልባዎች የናፍጣ ሞተር፦ ሰርቪሱ መቼ ነው? ወጪውስ?

ጎጃም ከባሕር ሩቅ ነው። ጣና ግን ለእኛ ባሕር ነው፤ ባሕር ዳርም ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ራቅ ካለም እስከ ጎርጎራ ድረስ ሰውም ጭነትም በውሃ ይመላለሳል። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ሞተር አያውቅም። ትንንሾቹ ፈጣን ጀልባዎች በአብዛኛው ከኋላ የሚንጠለጠል የቤንዚን ሞተር አላቸው። ከበድ ያሉት ጀልባዎችና መርከቦች ግን ሆዳቸው ውስጥ የናፍጣ ሞተር ይይዛሉ። እዚህ የማወራው ስለ እነሱ ነው።

የመኪና ሰርቪስ በኪሎ ሜትር ይቆጠራል፣ የጀልባ ደግሞ በሰዓት። ለዚህ ነው ዳሽቦርዱ ላይ የሰዓት ቆጣሪ ያለው። ቆጣሪው ከተበላሸ ቶሎ አሠሩት፤ ካልሆነ ደብተር ላይ ጻፉ፣ በግምት አትሂዱ። ማኑዋሎች ብዙ ጊዜ «በየ250 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው» ይላሉ። ዓመቱ የተጨመረው ለመዝናኛ ጀልባ ነው፤ እሱ በዓመት 100 ሰዓት ቢሠራ ነው። በቀን 5 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን የሚሠራ የጣና ጀልባ ግን በወር 125 ሰዓት ይሞላል። 250ው በሁለት ወር ከች አለ ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ጥር እንግዳው ሲበዛ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል።

ቁጥሩ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል፣ ማኑዋሉን የሚበልጥ የለም። በጥቅሉ ግን እንዲህ ነው። አዲስ ወይም ወርዶ የተሠራ ሞተር የመጀመሪያ ዘይቱ በ50 ሰዓት ይቀየራል፤ አዲሶቹ ክፍሎች እርስ በርስ ሲላመዱ የሚረግፈው ብረት ያኔ ይወጣል። ከዚያ በየ200 ወይም 250 ሰዓቱ ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮና የናፍጣ ፊልትሮ ይቀየራሉ። ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ባለው የቫልቭ ክፍተት ይለካል። 1,000 ሰዓት አካባቢ ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ወርደው ይፈተሻሉ። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በሁለት ዓመት ይለወጣል። ይህን የጠበቀ ሞተር 5,000 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሳይወርድ ይሠራል።

የየቀኑ ፍተሻ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ወደቡ ላይ ጠዋት በ12 ሰዓት አንድ የድሮ መካኒክ ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ። የዘይት መለኪያውን ይመዙና ደረጃውን ብቻ አይተው አይመልሱትም። ጠብታዋን በሁለት ጣት መሀል አድርገው ያሻሹዋታል፣ ወደ ብርሃን ያዞሯታል። «ልጄ፣ ወተት ከመሰለ እንዳታስነሳው» አሉኝ። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከዚያ ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ቡሎን ላላ አድርገው ትንሽ በጠርሙስ ይቀዳሉ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ተለይቶ ይታያል። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ወደ ኋላ ሄደው ከጭሱ ጋር ውሃ መውጣቱን ያያሉ። ሁሉም ተደምሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ያቺ ከጭሱ ጋር የምትወጣ ውሃ ትልቅ ነገር ናት። የጀልባ ሞተር በነፋስ አይቀዘቅዝም፤ የሐይቁን ውሃ ስቦ ሙቀቱን ይሰጠውና መልሶ ይተፋዋል። ውሃውን የሚስበው ኢምፔለር የሚባል የጎማ መንኮራኩር ነው። ጎማው የሚለሰልሰው በውሃው ነው፤ ደረቅ ከዞረ በደቂቃዎች ውስጥ ተቆራርጦ ያልቃል። አንዴ ከዘጌ ስንመለስ የውሃ መግቢያውን ማጣሪያ ፌስታል ዘጋው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ነፋሱ ተነስቶ ሞገዱ ጀምሯል። ነጂው ሙቀት መለኪያውን ቶሎ ስላየ ሞተሩን አጠፋ፤ ፌስታሉን አወጣ፣ ኢምፔለሩን በመለዋወጫው ቀየረና ጉዞ ቀጠልን። መለዋወጫው ባይኖረው ኖሮ መሀል ባሕር ላይ ሌላ ጀልባ ስንጠብቅ ባመሸን ነበር።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም አለ። በብዛት የያዘው ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ነው፣ ነፋስ የነዳው ግን የትም ይደርሳል። ሥሩ ማጣሪያ ውስጥም፣ ጀልባውን በሚገፋው ፕሮፔለር ላይም ይጠመጠማል። በክረምት ግልገል አባይና ሌሎቹ ወንዞች ደለል ይዘው ሲገቡ ውሃው ይደፈርሳል፤ ያ ደለል ኢምፔለሩንና የፕሮፔለሩን ዘንግ ኩሽኔታ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ማኑዋሉ ለኢምፔለር 1,000 ሰዓት ቢልም እኔ ክረምት ሲያልፍ ከፍቶ ማየትን እመርጣለሁ። በሌላ በኩል ጣና ጨው የለውም፣ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በብረቱ ፈንታ እየተበሉ እሱን የሚጠብቁት ቁራጮች ግን ለጨው ባሕር እንደሚሆነው ዚንክ ሳይሆኑ የማግኒዚየም መሆን አለባቸው። ዚንክ ጨው በሌለው ውሃ በደንብ አይሠራም።

ሌላው ከፍታው ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር እየገፋ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። በባሕር ወለል ከፍታ ተለክቶ የተገጠመለት ፕሮፔለር እዚህ ይከብደዋል፤ ሞተሩ የሚገባውን ዙር አይደርስም፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዘይቱም ቶሎ ይጠቁራል። ብዙ ሰው «ኢንጀክተሩ ነው» ብሎ ያስፈታል። አስቀድሞ ጀልባውን በሙሉ ጭነት፣ በሙሉ ጋዝ ነድቶ ዙሩን ማየት ነው። ካልደረሰ መፍትሔው የክንፎቹ ዝንባሌ የቀነሰ ፕሮፔለር ነው። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቩ ነገር ይታይ።

ወጪውን በብር ብጽፈው ነገ ይሽራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ፊልትሮው ሁሉ የሚመጣው ደግሞ ከውጭ ነው። ስለዚህ በሊትር እናስላው። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በመደበኛ ጉዞ በሰዓት 6 ሊትር ናፍጣ ቢያቃጥል፣ በ250 ሰዓት 1,500 ሊትር ይፈጃል። በዚያው ጊዜ የሚቀየረው ዘይት 5 ወይም 6 ሊትር ነው፣ ከሁለት ፊልትሮ ጋር። የዘይቱ ሊትር የናፍጣውን ብዙ እጥፍ ቢያወጣ እንኳ ከነዳጁ አጠገብ ትንሽ ነው። ዘይት ላይ የሚቆጥብ ባለ ጀልባ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

ትልቁ ወጪ ሙቀት የሚያመጣው ነው። ሞተር ሲግል ማሸጊያው ጋርኒሲዮን ይቃጠላል፣ የሞተሩ ክዳን ቴስታታው ይጣመማል፣ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። የእጅ ዋጋውም ከመኪና ይከብዳል፤ ሆድ ውስጥ ጠባብ ቦታ ላይ ተንበርክኮ ነው የሚፈታው። ጀልባው በቆመባቸው ቀናት የሚቀረው ገቢም አለ። ብዙ የጀልባ ሞተሮች መሠረታቸው የጭነት መኪና ወይም የሥራ ማሽን ሞተር ስለሆነ ፋሻ፣ ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማረፊያ) እና ፊልትሮ ከመኪና ዕቃ መደብር ሊገኝ ይችላል፤ የሞተሩን ቁጥር ይዞ መሄድ ነው። የውሃ ፓምፑ፣ የሞተሩን ሙቀት ለሐይቁ ውሃ የሚያስተላልፈው መሣሪያና የጭስ መውጫው ክርን ግን የጀልባ ብቻ ናቸው። ትዕዛዛቸው ስለሚዘገይ ቢያንስ ኢምፔለርና ቺንጋ ሁልጊዜ ጀልባው ላይ ይኑሩ።

የቆመ ሞተርም ወጪ አለው። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውሃ ክፉኛ ወርዶ ትልልቆቹ መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር። እንግዳ ሲጠፋም ጀልባ ይቆማል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ዘይቱን ሲቆም ቀይሩት፣ ሲነሳ አይደለም፤ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ያለው አሲድ ብሮንዚኑን ቁጭ ብሎ ይበላዋል። ታንከሩን ሙሉት፤ ባዶው ቦታ በሌሊት ብርድ ውሃ ያላብና ናፍጣው ውስጥ ዝቃጭ የሚሠሩ ተሕዋስያን ይራባሉ። ኢምፔለሩን አውጡት፣ ክንፎቹ እንደታጠፉ እንዳይደርቁ። ያወጣችሁትንም በሽቦ አድርጋችሁ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር እሰሩት፤ ከወራት በኋላ የሚያስነሳው ሰው ቁልፉን ሲያነሳ ኢምፔለሩም አብሮ እጁ ይገባል።