ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፦ ቆቡ የሚሸውደው ማንን ነው?

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ሲባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ተውኩ፣ ታረምኩ፣ ንስሐ ገባሁ ያለ ሰው እዚያችው የድሮ ጥፋቱ ላይ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ይተረትበታል። ሰው ይስቃል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እኔ በአምላክ የማላምን ሰው ነኝ፤ ኢ-አማኒ ከሚሏቸው። እና ይህች ተረት ከብዙ ክርክር በላይ ትመቸኛለች። ደስ የሚለው ደግሞ በቆብ በሚያምን ሕዝብ አፍ ውስጥ ያደገች መሆኗ ነው።

መጀመሪያ ድመቷ ምን እንዳደረገች እንይ። መመንኮስ «ከሰኞ ጀምሮ ጥሩ ሰው እሆናለሁ» ብሎ መፎከር አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የሚመነኩስ ሰው ለዚህ ዓለም እንደሞተ ይቆጠራል፤ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል። ቆብ ይደፋል። ከዚያ ወዲያ ትዳር የለም፣ ሥጋም የለም። በወጣትነታቸው ገዳም የሚገቡ አሉ፤ ልጆቻቸውን ድረው፣ የትዳር አጋራቸውን ቀብረው በስተርጅና የሚመነኩሱም ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ እማሆይ፣ አባ ይላቸዋል፣ ከመቀመጫው ይነሳላቸዋል። እንግዲህ ተረቱ ለዚህ ማዕረግ ከእንስሳት ሁሉ መርጦ ያጨው ድመትን ነው። ሥጋ በሏን፣ አድፋጯን። ቀልዱ እዚህ ጋ ነው።

ታሪኩን እያንዳንዱ ተራኪ በራሱ መንገድ ያሳምረዋል፣ ፍሬው ግን አጭር ነው። ድመት መነኮሰች ተባለ። አይጦች ሰሙ። ቆቧን ሲያዩ ፍርሃታቸው ለቀቃቸው፣ ቀረቡ። የቀረበችው ተበላች።

ይህች ድመት ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለችም። ደቡብ ሕንድ ውስጥ ማማላፑራም በሚባል ቦታ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ቋጥኝ ላይ የተቀረጸ ምስል አለ፤ አንዲት ድመት እንደ ባሕታዊ በኋላ እግሯ ቆማ፣ የፊት እግሮቿን ወደ ላይ ዘርግታ ሱባኤ ላይ ናት፣ ከእግሯ ሥር አይጦች ተሰብስበዋል። ከሕንድ ተነስቶ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ዓረብኛ በገባው «ከሊላ ወ ዲምና» ውስጥም አለች። እዚያ ጥንቸልና ወፍ በጎጆ ይጣሉና ጿሚ፣ ጸሎተኛ ናት ወደተባለች ድመት ለዳኝነት ይሄዳሉ። ድመቷም «አርጅቻለሁ፣ ጆሮዬ በደንብ አይሰማም፣ እስቲ ቀረብ በሉና ንገሩኝ» ትላቸዋለች። በመሃሉ ስለ ጽድቅና ስለ እውነት ትመክራቸዋለች። ምክሩም እኮ ልክ ነው፣ አንድም የተሳሳተ ቃል የለበትም። እነሱም ቀረቡ። ሁለቱንም በላቻቸው።

ይቺ «ቀረብ በሉ» የምትለው ነገር ለኔ የተረቱ አንጓ ናት። ሁላችንም ስንተርት ዓይናችን ድመቷ ላይ ነው፤ አስመሳይ፣ ከሃዲ እንላታለን። ድመትማ ድመት ናት! ቆቡ እሷን አልቀየራትም። የቀየረው አይጦቹን ነው። ትናንት ጥላዋን ሲያዩ ጉድጓድ የሚገቡት፣ ዛሬ ጥፍሯ አጠገብ ቁጭ ብለው ምክር ይሰማሉ። ጥፍሯ አልተቆረጠም፣ ጥርሷ አልወለቀም፣ የተጨመረው አንድ ቁራጭ ጨርቅ ነው።

እኛስ? መሥሪያ ቤት እንሂድ። ጠረጴዛው ላይ የቅዱሳን ሥዕል፣ ከስልኩ ለስለስ ያለ መዝሙር፣ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ። «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ይላል። ነገም የለም። በሦስተኛው ቀን «እስቲ አንተም ትንሽ ነገር አስብ እንጂ» ይላል፣ ማኅተሙ ከመሳቢያው ይወጣል፣ መዝሙሩ አልተቋረጠም። ጉቦ ተቀባይ ያለ ሥዕልም ሞልቷል፣ እሱ አይገርምም። የሚገርመው ሥዕሉን አይተን «ደህና ሰው ላይ ደረስኩ» ብለን መግባታችን ነው።

ገበያም እንዲሁ ነው። «ማርያምን! የገዛሁበትን ዋጋ ነው የነገርኩህ!» ሌላው «ወላሂ» ይላል። ልብ ብላችሁ ከሆነ መሐላ የሚመጣው ማስረጃ ሲያጥር ነው። ደረሰኝ ያለው ሰው ደረሰኙን ያሳያል፣ ማርያምን አይጠራም። ጾም ላይ ደግሞ ወጡ ቅቤ ነክቶት እንዳይሆን አስተናጋጁን ሦስቴ የሚጠይቅ ሰው አለ፤ ወጡ እስኪቀርብ የሥራ ባልደረባውን ትዳር፣ ዘርና ደመወዝ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ይጨርሳል። ከበግ ሥጋ ጾሞ የሰው ሥጋ ይበላል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ይህን ያልኩት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ማቴዎስ 23 ላይ ኢየሱስ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን «በኖራ የተለሰኑ መቃብሮች» ይላቸዋል። ቁርኣን ውስጥ አል-ማዑን የምትባለው አጭር ምዕራፍ ለታይታ የሚሰግዱትን፣ ለጎረቤት ትንሽ ዕቃ እንኳ ማዋስ የሚከለክሉትን ወዮላቸው ትላለች። የቤተ ክርስቲያን የጾም ዜማም ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይላል። መጻሕፍቱ ነገሩን ያውቁታል ማለት ነው። ታዲያ ሺህ ዓመት ሙሉ ሲነገር ቆብ ከአመል ጋር ያለው ግንኙነት ያን ያህል ካልጠበቀ፣ ምናልባት ጥሩነት የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው ብሎ መጠርጠር ነውር አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ልንገራችሁ፣ የምወደው ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ዳርሊ እና ባትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ፕሪንስተን ላይ በነገረ መለኮት ተማሪዎች ላይ የሠሩት። ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ሕንጻ ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ ይነገራቸዋል። ገሚሱ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው፣ መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ስላነሳው። መንገዳቸው ላይ ደግሞ በር ሥር ተቆራምዶ የሚያስል፣ የሚያቃስት ሰው ሆን ተብሎ ተቀምጧል። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት 63 በመቶ ቆመው ረዱ። ዘግይታችኋል፣ ፍጠኑ ከተባሉት የቆሙት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። የሃይማኖተኝነታቸው ዓይነት ማን እንደሚቆም አልለየም፤ ስለ ደጉ ሳምራዊ ለመስበክ መሄዳቸውም እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አላመጣም። እንዲያውም ሳምራዊውን ሊሰብክ ሲጣደፍ ሰውየውን ተራምዶት ያለፈ ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ቸኩለው ነው። የእጅ ሰዓትን አንዴ ማየት ከአንድ ምሳሌ በላይ ጉልበት ነበረው።

«ካላመንክ ታዲያ ከመስረቅ ምን ይከለክልሃል?» የሚለኝ ሰው አያልቅም። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ አንተን የሚከለክልህ እሱ ብቻ ነው? ነገ እምነትህ ቢጠፋ ጎረቤትህን ትዘርፋለህ? ሁሉም «ኧረ በጭራሽ!» ይላል። እውነቱን ነው የሚለው፣ አምነዋለሁም። ሰው የጎረቤቱን ልጅ ሲያለቅስ አይቶ የሚያባብለው ትእዛዝ አስታውሶ አይደለም። እናቱ ስታደርግ አይቷል፣ እሱም ተባብሏል፣ ለምዶታል። በጎ አመልም እንደ ክፉው አመል ነው፣ ቆብ ሲደፋም ሲያወልቅም አይረሳም።

ጥርጣሬው ግን ከባድ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በ13 አገሮች ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ስለ ጨካኝ ወንጀለኛ የሚነበብላቸው ሰዎች ወንጀለኛው ከአማኝ ይልቅ የማያምን ሰው ሳይሆን አይቀርም ወደማለት አዘነበሉ። ራሳቸው የማያምኑትም ሳይቀሩ! እኛም የቆቡ ተገዢ ነን ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስል የኔ ወገን ንጹሕ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የኛም ቆብ አለ። «እኔ በምክንያት የማስብ ሰው ነኝ» ትላለች። ሃይማኖት ሴትን ትጨቁናለች ብሎ ሲከራከር አምሽቶ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን እንደ ገረድ የሚያዝ ሰው አውቃለሁ፤ ስለ ነጻ ሐሳብ ሰብኮ የተቃወመውን ሁሉ ደደብ የሚልም አለ። እንደ እኔ እንደ እኔ እነዚህን ማመን ከባለሥዕሉ ቢሮክራት የተሻለ አይደለም። አይጥ ሆኖ ለሚያስብ የቆቡ ቀለም ምኑም አይደለም።

አሁን ከተረቱ ጋር የማልስማማበትን ልናገር። ተረቱ አመል አይለቅም ይላል። ኤርምያስ 13 ላይ ያለው «በውኑ ኢትዮጵያዊ መልኩን ወይስ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» የሚለውም ዘመዱ ነው። ለድመትና ለነብር እሺ። ሰው ግን ይለወጣል፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። መጠጥ ያቆመ ሰው ሠርግ ላይ አንዴ ብርጭቆ ቢያነሳ፣ አንዱ ከጥግ «ድመት መንኩሳ...» ይጀምራል፣ ጠረጴዛው ሙሉ ይስቃል፣ ሰውየውም አብሮ ይስቃል። ሁለተኛዋን ብርጭቆ የሚያስጠጣው ያ ሳቅ ነው። ከእስር ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ሰው ላይም ይህችው ተረት ናት የምትወረወረው፣ ያውም ምንም ሳያጠፋ፣ ገና በሩን ሲያንኳኳ። እነዚህ ሰዎች ቆብ ደፍተው ማንንም ቀረብ በሉ አላሉም። ተረቷ የተሠራችው ለሌላ ነው፤ ከፍ ብሎ ተቀምጦ እኔን ስሙኝ ለሚለው፣ በሌላው ላይ ለሚፈርደው፣ በልብሱና በማዕረጉ እምነታችንን በነጻ ለሚወስደው። እሱ ላይ ስትተረት እኔም አብሬ እስቃለሁ። መጠጥ ያቆመው ሰው ላይ ስትተረት ግን ብርጭቆውን ራቅ ማድረግ ይሻላል።